ከዓመት ወደ ዓመት የሚበስል ሻይ

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሻይ ነው፤ ነገር ግን ማለዳ ከሥራ በፊት፥ ቀትር ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር፥ ማታም ሙቀቱ በረድ ሲል በስኳር አጣፍጠን ስለምንጠጣው የዘወትር ሻይ ሳይሆን፥ ቅጠሉ ከተለቀመና ከደረቀ በኋላ በረቂቃን ሕያዋን ኃይል ስለሚቦካው፥ በእንፋሎት ለስልሶ በድንጋይ ተጭኖ ጥፍጥፍ ስለሚሆነው፥ ከዚያም ዐሥርና ሃያ ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ዘመን በመጋዘን ተቀምጦ ሲወጣ ከአዲሱ ይልቅ በብዙ ዕጥፍ ዋጋ ስለሚሸጠው የቻይና ጥቁር ሻይ ነው።

ይህን ርእስ ስንመርጥ ምክንያት አለን። ምዕራብ ጎንደር የመጋዘን አገር ነው፤ ሰሊጡ፥ ጥጡ፥ ማሽላውና ዕጣኑ ከእርሻውና ከበረሃው ከገባ በኋላ ዕድሉ የሚወሰነው በማስቀመጫው ቤት ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የገባው እህል በጠባቂው ስንፍና ሲበላሽ፥ መካከለኛ ሆኖ የገባውም በመልካም አያያዝ ዋጋውን ጠብቆ ሲወጣ ያላየ ነጋዴ በመካከላችሁ አይገኝም። ጥቁሩ ሻይ ይህን እውነት ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ አብልጦ ያሳያል። የሥራው እኩሌታ በገበሬው እጅ፥ እኩሌታው ደግሞ በጠባቂው እጅ የሚፈጸም ስለሆነ፥ ጠባቂው ከሳተ የገበሬው ድካም ከንቱ ይቀራል፤ ሻጩ ስለ ዕድሜው ቢዋሽም ገዢው ውሸቱን የሚያውቀው ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው።

መተማ ከጥንት ጀምሮ የቅፍለት መገናኛ ነበረች። ከጎንደር ቁልቁል የሚወርዱት ሲራራ ነጋዴዎች ቡናውን፥ ሰሙንና ቆዳውን በአህያና በበቅሎ ጭነው እዚህ ሲያደርሱ፥ ከሱዳን በኩል የሚመጡት ደግሞ በግመል ጨርቃ ጨርቁንና ልዩ ልዩውን ሸቀጥ አምጥተው ይገበያዩ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1862 ከድንበሩ ማዶ ባለችው በገላባት በኩል ሲያልፍ ይህን ገበያ አይቶ በመጽሐፉ ጽፎለታል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው በዚሁ ምድር ከወደቁ በኋላ ከተማይቱ ስማቸውን ይዛ ቀረች፤ ንግዱም ጦርነት እየቆረጠው፥ ሰላም እየቀጠለው፥ እስከ ዘመናችን ደረሰ። ዛሬ ደግሞ ከአገራችን ተነሥቶ በአውሮፕላን ወደ ጓንግዡ እየሄደ ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ብዙ ነው፤ በዚያችው በጓንግዡ ከተማ ፋንግጹን በሚባለው ሰፈር በቻይና ከታወቁት የሻይ ገበያዎች ሁሉ የሚልቀው ገበያ እንዳለ፥ የጥቁሩም ሻይ ዋና የዋጋ መናገሻ እርሱ እንደሆነ ቢያውቅ ለሥራው ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ከሥረ ነገሩ እንጀምር። የሻይ ተክል በአገራችን ታሪኩ አጭር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከህንድ በመጣ ዘር በኢሉባቦር፥ በጎሬ አቅራቢያ፥ ጉመሮ በተባለው ስፍራ ተተከለ፤ በከፋ ቦንጋ አጠገብ ያለው የውሽውሽ እርሻ የተስፋፋው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። ከእነዚህ እርሻዎች የሚወጣው ሻይ በአብዛኛው የሚሠራው ቅጠሉ ተጠውልጎ፥ ተፈትጎና ተሰባብሮ፥ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ከአየር ጋር እንዲገናኝ በማድረግ ነው፤ አረንጓዴው ቅጠል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጠቁረውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ረቂቃን ሕያዋን ይህን ያህል ድርሻ የላቸውም፤ ቅጠሉም በመጨረሻ በኃይለኛ ሙቀት ስለሚደርቅ የሕይወቱ ነገር በዚያው ያበቃል። እንዲህ ያለው ሻይ በቶሎ ቢጠጣ መልካም ነው፤ ብዙ ዓመት ቢቀመጥ መዓዛው ይጠፋል እንጂ አንዳች ነገር አይጨምርም።

ዛሬ የምንናገርለት ሻይ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። አገሩ ዩናን ነው፤ ይህም የቻይና ደቡብ ምዕራብ ጠቅላይ ግዛት ከበርማ፥ ከላኦስና ከቬትናም ጋር የሚዋሰን፥ ተራራው የበዛ፥ ጉሙ የማይለየው አገር ነው። በዚያ የሚበቅለው የሻይ ዓይነት ቅጠሉ ትልቅ ነው፤ ቢተዉትም ቁጥቋጦ ሆኖ አይቀርም፥ ረዥም ዛፍ ይሆናል። ቡላንግ፥ ዳይና ሃኒ የተባሉት ነገዶች ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሻይ ዛፎቻቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲንከባከቡ ኖረዋል፤ በጂንግማይ ተራራ ያለውን እንዲህ ያለውን ጥንታዊ የሻይ ደን ዩኔስኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡናውን ከደን ጥላ ሥር የሚያሳድገው ወገናችን ይህን ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም።

ቅጠሉ በተለቀመ ቀን ጥቂት ይጠወልጋል፤ ከዚያም በትልቅ የብረት ምጣድ ላይ በእጅ እየተገላበጠ ይታመሳል። የሥራው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የአረንጓዴ ሻይ ሠሪዎች ኢንዛይሙን ፈጽሞ እስኪገድሉት ድረስ ቅጠሉን በብርቱ ያምሱታል፤ የዩናን ሠሪ ግን እሳቱን መጥኖ፥ ቅጠሉ ከኃይሉ ጥቂት እንዲቀርለት አድርጎ ያወጣዋል፤ ከዚያም በእጁ አሽቶ በፀሐይ ያሰጣዋል። በምድጃ የደረቀ ቅጠል መዓዛው ለጊዜው ይበልጣል፥ ነገር ግን አይበስልም፤ በፀሐይ የደረቀው ግን ለዓመታት ለውጥ የተዘጋጀ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም በፀሐይ መድረቁ ለዚህ ሻይ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የቻይና መንግሥት ደረጃ ፑኧር የሚለው ስም ሊሰጠው የሚገባው ሻይ ከዩናን ትልቅ ቅጠል የተሠራና በፀሐይ የደረቀ እንዲሆን ያዝዛል።

የደረቀው ቅጠል ተመዝኖ በእንፋሎት ይለሰልስና በጨርቅ ከረጢት ተጠቅልሎ በድንጋይ ይጫናል። ክቡ ጥፍጥፍ እንደ ልማዱ 357 ግራም ይመዝናል፤ ሰባቱ አንድ ላይ በቀርከሃ ቅርፊት ሲታሰሩ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናሉ፤ ዐሥራ ሁለት እስር ደግሞ አንድ የ30 ኪሎ ጭነት ይሞላል። ሸያጓን በተባለው ስፍራ የሚሠራው እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ያለው አነስተኛው ጥፍጥፍ 100 ግራም ሲሆን፥ ጡብ መሰሉ ብዙ ጊዜ 250 ግራም ነው። ይህ ሁሉ መመጠንና መጠፍጠፍ የመጣው ከጌጥ ፍላጎት አልነበረም፤ መንገዱ አስገድዶ ያመጣው ነው። ልቅ ቅጠል በበቅሎ ቢጫን ቦታ ይፈጃል፥ ይደቅቃል፥ ዝናብም ያገኘዋል፤ የተጠፈጠፈው ግን በትንሽ ስፍራ ብዙ ይይዛል።

ሻዩ ከዩናንና ከሲቹዋን ተነሥቶ ወደ ቲቤት የሚወጣበት መንገድ የሻይና የፈረስ መንገድ ይባላል። ቲቤታውያን ሻይን ከቅቤና ከጨው ጋር አዋሕደው ይጠጣሉ፤ ቻይናውያን ነገሥታት ደግሞ ለጦራቸው የሚሆን ፈረስ ከቲቤት ይሹ ነበርና፥ ከ11ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ሻይን በፈረስ የሚለውጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነበር። የዕፀዋት ሊቁ ኧርነስት ዊልሰን በ1908 በሲቹዋን ያነሣው ፎቶግራፍ ከራሳቸው በላይ የተቆለለ የሻይ ጡብ በጀርባቸው የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን ያሳያል፤ ያን ሥዕል ያየ ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ በምን ድካም ከሰው ዘንድ ይደርስ እንደነበረ ያስተውላል።

ይህ የሻይ ጡብ በሞንጎልያ፥ በቲቤትና በሳይቤርያ ገንዘብም ሆኖ አገልግሏል። እኛ ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በአገራችን ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት በገበያ ገንዘብ ሆኖ ተዘዋውሯል፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በ1520ዎቹ አይቶ መስክሮለታል። አሞሌው ከሚቆረጥበት በረሃ በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ እንደሚል፥ የሻዩም ጡብ ከተጠፈጠፈበት ተራራ በራቀ መጠን ይከብር ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን አሞሌ በመንገድ እየተሰበረና እየሟሟ ሲያንስ፥ ሻዩ በመንገድ እየበሰለ መሄዱ ነው። የበቅሎው ላብ፥ የዝናቡ እርጥበት፥ የሸለቆው ሙቀትና የተራራው ብርድ እየተፈራረቁ በጥፍጥፉ ላይ ሲሠሩበት፥ ከወራት በኋላ የሚደርሰው ሻይ ከተነሣው ሻይ ይልቅ ቀለሙ የጠቆረ፥ ምሬቱም የለሰለሰ ሆኖ ይገኝ ነበር።

ይህ መብሰል ምንድር ነው? ብለን ብንጠይቅ፥ የዘመናችን ተመራማሪዎች በዚህ ሻይ ላይ ልዩ ልዩ የሻጋታ ዘሮች፥ የእርሾ ዘሮችና ባክቴሪያዎች አግኝተዋል፤ ከእነዚህም መካከል በብዛት የሚገኘው አስፐርጊለስ ከተባለው ወገን የሆነ ሻጋታ ነው። እነዚህ ረቂቃን ሕያዋን እርጥበትና ሙቀት ሲያገኙ አፍ የሚያኮማትረውንና የሚመርረውን የቅጠሉን ክፍል እየሰባበሩ ወደ ለስላሳና ጥቁር ቀለም ወዳለው ነገር ይለውጡታል። የእንጀራ ሊጥ የምታቦካ እናት እርሾዋ ከየት እንደመጣና በምን ያህል ሙቀት እንደሚነሣ ስለምታውቅ ይህን ነገር ማንም ሳይነግራት ትረዳዋለች፤ ልዩነቱ ሊጡ በሁለትና በሦስት ቀን የሚፈጽመውን ይህ ቅጠል በሃያ ዓመት መፈጸሙ ነው።

ሰው ግን ሃያ ዓመት መጠበቅ ይከብደዋል። ስለዚህም በ1973 በዩናን፥ በኩንሚንግ የሻይ ፋብሪካ ያሉ ሠራተኞች ቅጠሉን ከምረው በውሃ እያራሱ በፍጥነት የሚያቦኩበትን ዘዴ አዘጋጁ፤ ከዚያም በ1940 የተመሠረተው የመንግሃይ ፋብሪካ ዘዴውን ይዞ አስፋፋው። ቅጠሉ ከአንድ ሜትር ባልራቀ ከፍታ ይከመራል፥ ውሃ ይረጭበታል፥ በጨርቅ ይሸፈናል፤ የክምሩ ውስጥ ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከዚያ እንዳያልፍም ሠራተኞቹ በየጊዜው በአካፋ ያገላብጡታል። ከአርባ አምስት እስከ ስድሳ ቀን በኋላ ሻዩ ጥቁር፥ ለስላሳ፥ ዝናብ የመታው አፈር የሚመስል መዓዛ ያለው ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምክንያት በገበያ ሁለት ዓይነት ጥፍጥፍ አለ፤ አንዱ ጥሬው ነው፥ ቀስ ብሎ በዓመታት የሚበስል፤ ሁለተኛው የበሰለው ነው፥ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚጠጣ። ገዢ ሁሉ አስቀድሞ መለየት የሚገባው ይህን ነው፤ ጥሬውን አዲስ ሳለ የሚጠጣ ሰው ምሬቱ ያስደነግጠዋል፤ የበሰለውን ለሃያ ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ከፋብሪካው ሽታ መጥፋት በቀር ብዙ ለውጥ አያገኝበትም።

ዩናን ብቻዋን አይደለችም፤ በሁናን ግዛት አንኋ በተባለው አውራጃ የሚሠራው ፉ የተባለው ጡብ በውስጡ ወርቃማ ነጠብጣብ የሚመስል ጠቃሚ ሻጋታ ያበቅላል፥ ጠጪዎቹም ያን ነጠብጣብ የጥራት ምልክት አድርገው ይፈልጉታል፤ በጓንግሺ የሚሠራው ሊዩ ባኦ ደግሞ ቻይናውያን የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች በማላያ ሙቀት ውስጥ ሲጠጡት የኖረ ሻይ ነው። የቆላ ሠራተኛ ሻይ መሆኑ ለእኛ ጆሮ ደስ የሚያሰኝ ነው።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ። የዚህ ሻይ ገበያ ለብዙ ዘመን ጸጥ ያለ ነበር፤ የሆንግ ኮንግ ምግብ ቤቶች በርካሽ ይገዙታል፥ በምድር ቤት መጋዘን ያስቀምጡታል፥ ከምግብ ጋር ያቀርቡታል። በ1990ዎቹ የታይዋን ሰብሳቢዎች አሮጌውን ጥፍጥፍ መሻት ጀመሩ፤ በ1995 ደንግ ሺሃይ የተባለው ጸሐፊ ያሳተመው መጽሐፍም ስለ አሮጌው ሻይ ያለውን ፍቅር እንደ እሳት አቀጣጠለው። ከዚያ በኋላ ሻዩን ሊጠጣው ሳይሆን ሊሸጠው የሚገዛ ሰው በዛ፤ ዋጋውም በ2007 መጀመሪያ ከመጠን በላይ ወጥቶ በዚያው ዓመት መካከል ወደቀ፥ ብዙ ነጋዴም ንዋዩን አጣ። ይህን የምንተርከው ለወሬ አይደለም፤ ዋጋው ወደፊት ይወጣል ብቻ ተብሎ የተገዛ ሸቀጥ፥ ሻይም ይሁን ሰሊጥ፥ በእጅ ላይ የሚቀርበት ቀን እንዳለ ለማስገንዘብ ነው።

ዋጋ ባለበት ማታለል አለ። ላኦ ባንጃንግ የምትባለው የቡላንግ ተራራ መንደር ሻይዋ በብርታቱ የታወቀ ነው፤ በስሟ የሚሸጠው ሻይ ግን ዛፎቿ ሊሰጡ ከሚችሉት እጅግ እንደሚበልጥ በንግዱ ያሉ ሁሉ ያውቃሉ። አታላዮች አዲሱን ቅጠል በእርጥብ ቤት አስቀምጠው በጥቂት ወራት ያጠቁሩትና የሃያ ዓመት ሻይ ነው ይላሉ፤ የቆየ የሚመስል ወረቀት ያሳትማሉ፥ ወረቀቱንም በሻይ ውሃ አቅልመው ያስረጁታል። ፋብሪካዎቹ ከሻዩ ጋር አብራ የምትጫን አንዲት ትንሽ ወረቀት በጥፍጥፉ ሥጋ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ከላይ የሚጠቀለለውን ወረቀት መለወጥ ቀላል ሲሆን፥ ይህችን የተቀበረችውን ሳያበላሹ ማውጣት ከባድ ነውና እርስዋን መመልከት ይጠቅማል።

በጥፍጥፉ ላይ የሚጻፉትን ቁጥሮችም ማንበብ መልካም ነው። ለምሳሌ 7542 የተባለው እጅግ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ቅመራው የተዘጋጀበትን 1975ን፥ ሦስተኛው የቅጠሉን ደረጃ፥ የመጨረሻው ፋብሪካውን ያመለክታል፤ 2 ማለት መንግሃይ ነው። ብዙ ገዢ ይህን ባለማወቁ 75ን አይቶ ሻዩ በ1975 የተሠራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያው ቅመራ ዛሬም ይሠራል። ቁጥሩ የሻዩን ዕድሜ አይናገርም።

ከወረቀቱ ይልቅ ሊታመን የሚገባው አፍንጫና ምላስ ነው። ሳትቀምሱ አትግዙ። ሻጩ ከጥፍጥፉ ጥቂት ቆርሶ በፊታችሁ ያፍላ። ፍላቱ ቀለሙ የጠቆረም ቢሆን ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ደፍርሶ ጭቃ ከመሰለ በችኮላ የቦካ ነው። ከፈላ በኋላ ቅጠሉን በጣታችሁ ዘርጉት፤ በመልካም የበሰለ ቅጠል ሲዘረጋ ይለሰልሳል እንጂ እንደ ከሰል ተቃጥሎ አይፈረፈርም። የምድር ቤት ሽታ፥ የሻጋታ ሽታ፥ የዓሣ ሽታ ከአፍ የማይለቅ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። መተማ ላይ ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ በእጁ አፍሶ ቀለሙን አይቶ፥ ነፍቶ፥ ጥቂት አኝኮ እንደሚፈርድ፥ ጎንደሬውን ሰሊጥ ከወለጋው በዓይኑ እንደሚለይ የታወቀ ነው፤ ይህን የመመርመር ልማድ ወደ ሻዩ ገበያ ይዞ ይሂድ።

ስለ ማስቀመጡ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገራለን፤ በቆላችን የሚያስቸግረው እርሱ ነውና። ይህ ሻይ የሚበስለው መጠነኛ ሙቀትና መጠነኛ እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ብዙዎቹ ጠባቂዎች ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት፥ ከ60 እስከ 75 ከመቶ የአየር እርጥበት ይመርጣሉ። በሆንግ ኮንግ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሻዩ በፍጥነት ይበስላል፥ ሻጋታም ያሰጋዋል፤ በኩንሚንግ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፥ ግን ዘገምተኛ ነው። የከተማችን የገንዳ ውሃ ዓመት በበኩሉ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፥ አየሩም ይደርቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ምድሩን ያረሰርሰዋል። በበጋው ሻዩ ሕይወቱ እንደተኛ ሆኖ መዓዛው ይበንናል፤ በክረምቱ በቂ አየር ካላገኘ ይሻግታል። ስለዚህም በቆርቆሮ ቤት፥ ከጣሪያ ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው።

የሚሻለው የሸክላ ጋን ነው። ማሌዥያ ያሉ ጠባቂዎችም ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ ይጠቀማሉ፤ ሸክላ ሙቀትንና እርጥበትን በድንገት እንዳይለዋወጥ አድርጎ ይይዛልና። ነገር ግን ጋኑ አዲስ ይሁን፤ ጠላ የተጠመቀበት ወይም በወይራ የታጠነ ጋን ለሻይ አይሆንም፤ ሻይ በአጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል፥ የሳበውንም አይለቅም። ጋኑን አጥባችሁ በፀሐይ ካደረቃችሁ በኋላ፥ ጥፍጥፉን በወረቀቱ እንዳለ አስገብታችሁ፥ አፉን በነጭ ጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት፤ በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፥ አየር ይፈልጋልና። ከግድግዳውና ከመሬቱ ራቅ ብሎ፥ ፀሐይ በማይገባበት፥ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ቀዝቀዝ በሚለው ይቀመጥ። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ከፍታችሁ አሽትቱት፤ ነጭ፥ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ያወጣውን ጥፍጥፍ ጠርገን እንጠጣዋለን አትበሉ፥ ጣሉት። በአንኋ ጡብ ውስጥ ከሚገኘው ወርቃማ ነጠብጣብ በቀር በዓይን የሚታይ ሻጋታ ያለበት ሻይ አይጠጣም።

ከሁሉ በላይ ግን ከዕጣን ጋር አታስቀምጡት። የመተማ በረሃ የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ በከተማችን ያሉ ብዙ መጋዘኖች ዕጣን አስገብተው ያበጥራሉ፥ መዓዛውም ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ለቤተ ክርስቲያንና ለቡና ሥርዓት የተወደደው ያ መዓዛ የሻዩን መዓዛ ፈጽሞ ያጠፋዋል። ዕጣን ያደረበት ቤት ባዶ ቢሆን እንኳ ለሻይ ማኖሪያ አይመረጥ፤ በርበሬ፥ ናፍጣ፥ ሳሙናና የቡና መቁያ ያለበት ክፍልም እንዲሁ።

ስለ ጤና የምንለው አለን። የሻይ ተክል ፍሎራይድ የተባለውን ማዕድን ከአፈር ስቦ በቅጠሉ ያከማቻል፤ ቅጠሉ ባረጀ መጠን ፍሎራይዱ ይበዛል። ርካሹ የሻይ ጡብ ከአሮጌ ቅጠልና ከግንዱ ስለሚሠራ፥ ያንኑ ሻይ ቀኑን ሙሉ የሚጠጡ የቲቤትና የሞንጎልያ ሰዎች ጥርሳቸውና አጥንታቸው ሲጎዳ ታይቷል፤ በእኛ አገር በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ወገኖቻችን ያገኛቸውም ጉዳት ምክንያቱ ያው ማዕድን ነው። ስለዚህ ከወጣት ቅጠል የተሠራውን ምረጡ፥ መጠኑንም ወስኑ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህል የሚገኘው የብረት ማዕድን በሰውነት ውስጥ በሚገባ እንዳይገባ ያግዳል፤ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከማዕድ ጋር እንዳይጠጡት ይሁን።

በጉመሮና በውሽውሽ ያለው ቅጠል በዚህ መንገድ ቢሠራ ምን ይሆናል? የሚል ሐሳብ በልባችን ይመላለሳል። የሻይ ምርምር የሚካሄድበት የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ጥቂት ቅጠል በፀሐይ አድርቆና ጠፍጥፎ ቢሞክር፥ የሙከራው ወጪ ከፍ ያለ አይሆንም፤ ዓለም የሚፈልገውን ሻይ በልቅ ቅጠል ብቻ እየሸጡ መኖርም የግድ አይደለም። ይህን የምንለው ቀላል ነው ብለን አይደለም፤ በዩናን እንኳ መልካሙ ጥፍጥፍ ከመጥፎው ያንሳል። ነገር ግን ጠባቂና ነጋዴ የሚሆን ሕዝብ በአገራችን አለ።

በመጨረሻ ጥፍጥፉ በእጃችሁ ሲገባ እንዲህ አድርጉ። የገዛችሁበትን ቀን፥ ስፍራና ዋጋ በወረቀቱ ጀርባ ጻፉበት፤ ለሌላ ብትሸጡት የምታውቁትን ዓመት ብቻ ንገሩ። በመዶሻ አትምቱት፥ ቅጠሉ ይደቅቃል፤ ስፌት በምትሰፉበት በወስፌ ከጠርዙ በኩል እየወጋችሁ በንብርብሩ ላይ አላቅቁት። ወደ አምስት ግራም የሚሆን ቅጠል በትንሽ ጀበና ወይም በማንቆርቆሪያ አድርጉ፤ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና የመጀመሪያውን ወዲያው ድፉት፥ አቧራውን ያጥባልና። ከዚያ በኋላ እንደገና የፈላ ውሃ ጨምሩ፥ ጥቂት ሰከንድ ብቻ አቆይታችሁ ቅዱ፤ ያው ቅጠል ስድስት ሰባት ጊዜ ያህል ያገለግላል፥ በየጊዜውም ጣዕሙ ይለወጣል። ስኳር የለመደ ሰው ስኳሩን አይከለከልም፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ግን ያለ ስኳር ቅመሱት፥ የተከፈለበትን ዕድሜ የምታውቁት በዚያ ብቻ ነው።